ዩሮን እንቢ ያሉ አገሮች ምን አስበው ነው?

ባለፈው በውይይታችን ላይ ያቀረብኩትን ንግግር "በጽሑፍ ይቀመጥልን" ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ይኸው። እንደተናገርኩት ነው የጻፍኩት፤ አንዳንድ ቦታ ቁጥር ብቻ አስተካክያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትደናገሩ።

ነገሩ የጀመረው ከስልክ ነው። ስዊድን ውስጥ፣ ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እንደ ታላቅ እህቴ ነው የማያት። ለጭነት መኪና አምራቾች ዕቃ የሚያቀርብ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ለሰርግ በመርከብ ወደ ሄልሲንኪ ሄዳ ስትመለስ ደወለችልኝ። "እዚህ ክሮና፣ ማዶ ዩሮ። ሁለቱም ያው አንድ ኅብረት ውስጥ ናቸው። ለምን አንድ ገንዘብ አይዙም? አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል አይደል?" አለችኝ። አዎ ተምሬያለሁ። ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ሥራው የለም፣ ጊዜ ግን ሞልቷል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አነበብኩ።

ይህንኑ ጥያቄ እዚህ ላነሳ ስጀምር አንዱ ወንድማችን ሳልጨርስ "ክብር ነዋ! የሰው ወርቅ አያደምቅ!" አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ቆይ፤ ክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ፈረንሳይ ፍራንኳን፣ ጀርመን ማርኳን ትለቅ ነበር? ጀርመኖች በማርካቸው ከማንም በላይ ይኮሩ ነበር እኮ። ክብርም አለበት፣ እሱን አልክድም፤ ከክብሩ ሥር ያለውን ግን እንየው።

መጀመሪያ ነገሩን እናስተካክል። የአውሮፓ ኅብረት 27 አገሮች አሉት። ዩሮ በ1999 በሒሳብ መዝገብ ላይ፣ በ2002 ደግሞ በኖትና በሳንቲም መጣ። በ2026 መጀመሪያ ቡልጋሪያ ስትገባ ተጠቃሚዎቹ 21 ሆኑ። በራሳቸው ገንዘብ የቀሩት ስድስት ናቸው፦ ስዊድን፣ ዴንማርክ፣ ፖላንድ፣ ቼክ፣ ሃንጋሪ እና ሩማኒያ። እንግሊዝ ፓውንዷን ይዛ ኖራ በ2020 ከኅብረቱም ወጣች። ስዊዘርላንድና ኖርዌይ ከመጀመሪያውም አባል አይደሉም፣ እነሱን ለጊዜው እንተዋቸው።

ከስድስቱ "አልገባም" የሚል የጽሑፍ መብት ያላት ዴንማርክ ብቻ ናት። የተቀሩት አምስቱ በውላቸው መሠረት መስፈርቱን ሲያሟሉ የመግባት ግዴታ አለባቸው። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ከመስፈርቶቹ አንዱ፣ ገንዘብህን ከዩሮ ጋር አቆራኝተህ ቢያንስ ሁለት ዓመት በአንድ መቆያ ሥርዓት ውስጥ መቆየት ነው። ወደዚያ መቆያ የምትገባው ደግሞ ራስህ ስትጠይቅ ነው። ስዊድን አልጠየቀችም። ስላልጠየቀች መስፈርቱን አላሟላችም፣ ስላላሟላች አትገባም። ውሉን ሳያፈርሱ፣ ሳይጮኹ፣ በሩ ላይ ቆመው ሳያንኳኩ ዓመታት ማለፍ! የኛ ሰው ቢሆን መግለጫ ያወጣ ነበር።

ስዊድን ይህን ያደረገችው ሕዝቡ ስላዘዛት ነው። መስከረም 14 ቀን 2003 ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዮራን ፔርሾን፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች፣ አብዛኛው የፖለቲካ ልሂቅ "እንግባ" ይሉ ነበር። ከድምፅ መስጫው አራት ቀን በፊት ደግሞ የ"እንግባ" ዘመቻ ዋና ፊት የነበረችው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ አና ሊንድ ስቶክሆልም ውስጥ ሱቅ ውስጥ በስለት ተወጋች፣ በማግስቱ ሞተች። አገሩ ሁሉ ሐዘን ላይ ነበር። ብዙዎች ሕዝቡ በሐዘኔታ "እንግባ" ይላል ብለው ጠበቁ። ሕዝቡ አለቀሰላት፣ ሻማ አበራላት፣ ከዚያ ሄዶ 55.9 በመቶው "አይሆንም" አለ። "እንግባ" ያለው 42 በመቶ ነበር። ስቶክሆልም አካባቢ "እንግባ" አሸንፏል፤ ሰሜኑ ግን፣ ደንና ማዕድን ያለበት፣ መንግሥት ሲጨነቅ የሚጨነቀው ሠራተኛ የሚኖርበት፣ አይሆንም አለ።

ለምን? ስዊድኖች ከዚያ በፊት የቀመሷት ነገር ነበረች። በ1992 ክሮናው በቋሚ ተመን ከሌሎች የአውሮፓ ገንዘቦች ጋር ታስሮ ነበር። ገበያው "ይህ ተመን አይዘልቅም" ብሎ ክሮና መሸጥ ጀመረ። ማዕከላዊ ባንኩ ተመኑን ለመከላከል መስከረም 16 ቀን ለባንኮች የሚያበድርበትን ወለድ 500 በመቶ አደረሰው። አምስት መቶ! ተሳስቼ አይደለም የጻፍኩት። በዚያው ቀን እንግሊዝም ፓውንዷን ለማዳን ስትታገል ውላ፣ ማታ ላይ ተሸንፋ ወጣች። ስዊድን እስከ ኅዳር 19 ድረስ ጥርሷን ነክሳ ቆየችና ለቀቀችው። ክሮናው ወደቀ፤ ፋብሪካዎቹ ግን ቀስ በቀስ ገበያ አገኙ። እነዚያ ዓመታት ለስዊድን ሠራተኛ መራራ ነበሩ፣ ሥራ አጡ ብዙ እጥፍ ጨምሮ ነበር። ትምህርቱ ግን ቀረ፦ ተመኑን አስሬ እጠብቃለሁ ካልክ፣ የምትጠብቀው በሰው እንጀራ ነው።

እዚህ ላይ አሠራሩን በቀላሉ ላስረዳ፤ የኢኮኖሚክስ ልጆች ታገሡኝ።

አንድ የስዊድን ፋብሪካ የጭነት መኪና በ1 ሚሊዮን ክሮና ይሸጣል እንበል። አንድ ዩሮ 9 ክሮና ሲሆን ጀርመናዊው ገዢ 111 ሺህ ዩሮ ያህል ይከፍላል። ክሮናው ወድቆ አንድ ዩሮ 11 ክሮና ሲሆን ግን ያው መኪና ወደ 91 ሺህ ዩሮ ይወርድለታል። ፋብሪካው ከማንም ደሞዝ ላይ ሳንቲም ሳይነካ ዕቃው ረከሰ። ችግር ሲመጣ የመጀመሪያውን ምት ገንዘቡ ይቀበላል ማለት ነው። የራስህ ገንዘብ ከሌለህስ? ምቱን ሌላ ነገር መቀበል አለበት። ያ ሌላ ነገር አንድም ደሞዝ ነው፣ አንድም ሥራ ነው። ሦስተኛ ቢኖር ደስ ባለኝ።

ሁለተኛው ነገር ወለድ ነው። በዩሮ አገሮች ወለዱን የሚወስነው ፍራንክፈርት ያለው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ነው፣ ለሁሉም አንድ ልክ። አንድ መጠን ጫማ ለ21 ሰው እንደ መግዛት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወለዱ ለጀርመን የሚመች፣ ለአየርላንድና ለስፔን ግን በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ብድር ረከሰ፣ ሁሉም ቤት ሠራ፣ ሁሉም ቤት ገዛ፣ በ2008 ሲፈነዳ የሆነው ሆነ።

አሁን ወደ እህቴ ጥያቄ። ስዊድንና ፊንላንድ ጎረቤት ናቸው፣ ሁለቱም እንጨት፣ ወረቀት፣ ማሽንና ስልክ ሲሸጡ ኖረዋል፣ ሁለቱም በ1995 ኅብረቱ ውስጥ ገቡ። ፊንላንድ ግን ማርካዋን ትታ ከመጀመሪያዎቹ 11 የዩሮ አገሮች አንዷ ሆነች። ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ ጥንድ አይገኝም።

በ2008 ዓለም አቀፉ ቀውስ ሲመጣ ክሮናው ከ9 ከምናምን ተንሸራቶ በ2009 መጀመሪያ ላይ አንድ ዩሮ ከ11 ክሮና በላይ ሆነ። የስዊድን ኢኮኖሚ በ2009 ከ4 በመቶ በላይ ወደቀ፣ በ2010 ግን ወደ 6 በመቶ ገደማ አድጎ ተመለሰ። ፊንላንድ በ2009 ወደ 8 በመቶ ገደማ ወደቀች፣ ትንሽ ቀና አለች፣ ከዚያ በ2012፣ በ2013 እና በ2014 እንደገና አሽቆለቆለች። ወደ 2008 ደረጃዋ ለመመለስ አሥር ዓመት ያህል ፈጀባት።

ፍትሐዊ እንሁን፤ ሁሉም የዩሮ ጥፋት አይደለም። ኖኪያ የወደቀው በዩሮ ምክንያት አይደለም፣ በስማርት ስልክ ተቀድሞ ነው። የዓለም የወረቀት ፍላጎትም ቀነሰ፣ ከ2014 በኋላ የሩሲያ ገበያም ተበላሸ። ግን ዱላው ሲመጣ የሚከላከል ማርካ አልነበረም። ታዲያ ምን አደረጉ? በ2016 መንግሥት፣ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ተቀምጠው "የተወዳዳሪነት ስምምነት" የሚባል ነገር ፈረሙ። ሠራተኛው በዓመት 24 ሰዓት ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሠራ ተስማማ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የዕረፍት ጉርሻ ደግሞ ለሦስት ዓመት በ30 በመቶ ተቀነሰ። ስዊድን በምንዛሪ በጥቂት ወራት ያደረገችውን ፊንላንድ በሠራተኛው ሰዓት ከፈለችው። እሱንም የቻሉት ማኅበራቶቻቸው ጠንካራ ስለሆኑና ተቀምጦ መነጋገር ስለሚያውቁ ነው።

መነጋገር ያልተቻለበትን ደግሞ ግሪክን ተመልከቱ። የግሪክ መንግሥት ያለ ልክ ተበድሮ፣ ሒሳቡንም ደብቆ ነበር፣ ጥፋቱ የራሳቸውም ነው። ግን ከ2010 በኋላ ዋጋቸውን ለማርከስ የቀራቸው መንገድ ደሞዝና ጡረታ መቁረጥ ብቻ ነበር። በ2013 ሥራ አጥነት ከ27 በመቶ አለፈ። ከ25 ዓመት በታች ካሉት ሥራ ፈላጊዎች ደግሞ ወደ 60 በመቶ የሚጠጉት ሥራ አልነበራቸውም። በ2015 ክረምት ባንኮች ተዘግተው ሰው ከማሽን በቀን 60 ዩሮ ብቻ እንዲያወጣ ተፈቀደለት። የራሱን ገንዘብ! ይህን ሳነብ ትንሽ ቆምኩ። እኔ ከተመረቅሁ ጀምሮ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስንት ጠዋት እንደቆምኩ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ማስታወሻ ደብተሬን፣ የሲቪ ኮፒዬን ይዤ። ሥራ ከሚፈልግ አሥር የግሪክ ወጣት ወደ ስድስት የሚጠጋው እንደኔ ቆሞ ነበር ማለት ነው። መጽሐፍ ላይ "ማስተካከያ" ይሉታል። ማስተካከያው እኛ ነን።

አሁን "ስለዚህ የራስ ገንዘብ መያዝ ነው ጀግንነቱ!" ብላችሁ ልታጨበጭቡ ነው። ቆዩ፣ ዴንማርክን ላምጣ፤ እሷ ነገሩን ታወሳስበዋለች።

ዴንማርኮች በ1992 የማስትሪክቱን ውል ራሱን በጠባብ ድምፅ ጣሉት፣ ኅብረቱ ደንግጦ ከዩሮ ነፃ የሚያደርግ ልዩ መብት ሰጣቸው፣ በ2000 እንደገና ተጠይቀው 53.2 በመቶው "ክሮናችን ይቆይ" አለ። ያ ክሮና መሀሉ ቀዳዳ ያለው፣ የንግሥና ምልክት ያለበት ሳንቲም ነው፣ ይወዱታል። የዩሮ ኖቶች ላይ ያሉት ድልድዮች፣ ሰምታችሁ እንደሆነ፣ የትም የሌሉ የፈጠራ ድልድዮች ነበሩ፣ የማንም አገር እንዳይቀየም ተብሎ። (በኋላ አንድ የሆላንድ ከተማ አስመስሎ ሠራቸው እንጂ።) በ2009 መታተም የጀመረው የዴንማርክ ኖት ላይ የነበሩት ድልድዮች ግን እውነተኛ የዴንማርክ ድልድዮች ናቸው፣ ሰው በመኪና የሚሻገርባቸው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ክብር ያለው ወንድማችን እዚህ ላይ ልክ ነው።

ግን ስሙኝ። ያ ክሮና ከዩሮ ጋር የታሰረ ነው! አንድ ዩሮ 7.46 ክሮና፣ ዛሬም፣ ከሃያ ዓመት በፊትም። ከዚያ በፊት ከ1982 ጀምሮ ከጀርመን ማርክ ጋር ታስሮ ነበር። ፍራንክፈርት ወለድ ስትጨምር ኮፐንሃገን ትጨምራለች፣ ስትቀንስ ትቀንሳለች። በ2015 መጀመሪያ ስዊዘርላንድ ፍራንኳን ስትለቅ ገበያው "ቀጣይዋ ዴንማርክ ናት" ብሎ ክሮና መግዛት ጀመረ። የዴንማርክ ማዕከላዊ ባንክ ሰው ክሮና እንዳይፈልግ ብሎ የተቀማጭ ወለድን ከዜሮ በታች 0.75 አደረገው። ገንዘብ ያስቀመጠ ባንክ ይከፍላል ማለት ነው። መንግሥትም ለጊዜው ቦንድ መሸጥ አቆመ። እና ተመኑን አስጠበቁት። ታዲያ ዴንማርክ የያዘችው ምንድን ነው? ባንዲራውን ነው፤ መሪውን ለፍራንክፈርት ሰጥታለች። አንድ ነገር ግን አልሰጠችም፦ አንድ ቀን ክፉ ቢመጣ መሪውን መልሶ የመያዝ መብት። እንደኔ እንደኔ ለዚያ መብት ነው የሚከፍሉት።

ቡልጋሪያ በተቃራኒው ናት። በ1997 ባንኮቿ ተንኮታኩተው፣ የዋጋ ንረቱ ሰማይ ነክቶ፣ ገንዘቧን ከጀርመን ማርክ ጋር በሕግ ቸነከረችው። ከዚያ ወዲያ ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል የራሷ የወለድ ፖሊሲ አልነበራትም። በ2026 ዩሮ ስትይዝ የጣለችው መሪ የለም፣ ቀድሞም አልነበራትምና። ብዙ ሰው ተቃውሞ ሰልፍ ወጥቶ ነበር፤ ስሜታቸው ይገባኛል። ሒሳቡ ግን ከ1997 ጀምሮ ያለቀ ነበር።

ፖላንድ ደግሞ መሪውን የያዘች ናት። በ2008 መስከረም ጠቅላይ ሚኒስትር ዶናልድ ቱስክ "በ2011 ዩሮ እንገባለን" ብለው ነበር። በዚያው ወር የአሜሪካ ባንኮች መውደቅ ጀመሩ። ዝሎቲው ከ3.2 ወደ 4.9 ለአንድ ዩሮ ተንደረደረ። በ2009 ከኅብረቱ አገሮች ሁሉ ያደገችው ፖላንድ ብቻ ሆነች፣ ቱስክም በካርታ ላይ አገራቸውን ብቻዋን አረንጓዴ አድርገው አሳዩ። ዝሎቲው ብቻውን አይደለም ያዳናት፦ ትልቅ የአገር ውስጥ ገበያ አላት፣ የኅብረቱ የመሠረተ ልማት ገንዘብም ይገባ ነበር። ግን ከዚያ ወዲያ በ2011 እንገባለን የሚለው ወሬ ቀዘቀዘ። አሁን ለመግባት ቢፈልጉም ሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 227 ገንዘብ የማውጣት መብት የብሔራዊ ባንኩ ብቻ ነው ይላል። እሱን ለመቀየር በታችኛው ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፣ ፖላንድ ውስጥ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ በምንም ነገር አይስማማም።

ሃንጋሪን የማመጣው ለማስጠንቀቂያ ነው። እሷም የራሷ ገንዘብ አላት፣ ፎሪንት። በ2000ዎቹ የፎሪንት ወለድ ውድ ስለነበር ሕዝቡ ቤት የገዛው በስዊዝ ፍራንክ ተበድሮ ነው። በ2008 ፎሪንት ሲወድቅ ደሞዙ በፎሪንት፣ ዕዳው በፍራንክ ሆነና ብዙ ቤተሰብ የወር ክፍያው አናቱ ላይ ወጣ። እስከ 2014 ድረስ፣ ብድሩን በሕግ ወደ ፎሪንት እስኪቀይሩት፣ ሲንገላቱ ኖሩ። ለስዊድን ፈውስ የሆነው የምንዛሪ መውደቅ ለእነሱ መርዝ ሆነ። በጥር 2023 ደግሞ የዋጋ ንረታቸው ከ25 በመቶ አለፈ፣ ከኅብረቱ ሁሉ የበዛው። የዩሮ አገሮች አማካይ በከፋበት ወር እንኳ ከ10 በመቶ ትንሽ ነበር ያለፈው። የራስ ገንዘብ ነበራቸው፣ ባንዲራም አለበት።

ልዩነቱ ምን ላይ ነው ካላችሁኝ፣ ስዊድን ገንዘቧ ሲረክስ የምትሸጠው ነገር አላት፣ ዕዳዋም በአብዛኛው በራሷ ገንዘብ ነው፣ ማዕከላዊ ባንኳንም ሚኒስትር ደውሎ አያዘውም። የሚሸጥ ዕቃ የሌለው፣ በሰው ገንዘብ የተበደረ አገር ምንዛሪው ሲወድቅ የሚያየው የዘይት ዋጋ ነው። ይህን ለእናንተ ማስረዳት የለብኝም፤ ብር በ2024 ሐምሌ መጨረሻ ለገበያ ተለቆ ከ57 ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ሲሆን ሁላችንም ሱቅ ደጃፍ ነበርን። ስለብር ሌላ ጊዜ እናወራለን፣ ዛሬ ከጀመርኩ አንጨርስም።

እና ለእህቴ ደወልኩላት። ይህን ሁሉ ዘረገፍኩላት፣ ታግሣ ሰማችኝ። ከዚያ "ቆይ፣ እኔ የምልክላችሁስ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ክሮናው 9.4 በነበረበት ጊዜ 5 ሺህ ክሮና ስትልክ 530 ዩሮ ገደማ ነበር። በ2023 መስከረም ላይ አንድ ዩሮ ወደ 12 ክሮና ሲጠጋ ያው 5 ሺህ 417 ዩሮ አካባቢ ሆነ። የረከሰው ክሮና የፋብሪካዋን ዕቃ ለጀርመን አረከሰ፣ የአክስቴን መድኃኒት ግን አስወደደ። ምቱን ገንዘቡ ይቀበላል ስላችሁ፣ ያ ገንዘብ የሰው ኪስ ውስጥ ያለ ነው።

"ዛሬ ሕዝበ ውሳኔ ቢጠሩሽ ምን ትያለሽ?" አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። በ2009 ፋብሪካው ግማሹን ሰው ሊቀንስ ነው ተብሎ፣ በኋላ ትዕዛዝ መጥቶ እንደተረፉ ነገረችኝ። እሷ ያኔ አዲስ ነበረች፣ መጀመሪያ የሚወጣው አዲስ ነው።

"ክሮና እላለሁ" አለችኝ። "እናቴ ትቆጣኛለች እንጂ።"